በሩን አስቀድም

ልጄ፣ ለእባብህ፣ ለቦል ፓይተኑ፣ በገዛ እጅህ ማደሪያ ልትሠራለት እንዳሰብህ እናትህ ነገረችኝ። የነገረችኝ ሐሳብህን እንዳስለውጥህ ብላ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በእንጨትና በመስታወት ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወጣት መጋዝ ሊያነሣ ሲል ተው ማለት አይሆንልኝም። ይልቅስ እሷ ሳትሰጋ እንድትተኛ፣ እንስሳውም ሳይጎዳ እንዲኖር፣ በሩን እንዴት እንደምትመርጥ ልንገርህ።

አብዛኛው ሰው ሣጥኑን ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ነው «እንግዲህ በሩስ?» የሚለው። ያን ጊዜ በሩን የሚመርጥለት የተረፈው ክፍተት ይሆናል። አንተ ግን አስቀድመህ በሩን ወስን፤ ኮምፔንሳቶው በበሩ ልክ ይቆረጣል። ደግሞ የምትሠራው ለአንድ ክረምት አይደለም። ቦል ፓይተን ከ20 እስከ 30 ዓመት ቢኖር የሚያስገርም አይደለም። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1961 የገባች አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ ተገምቷል። አንተ ትምህርት ጨርሰህ፣ ሥራ ይዘህ፣ ምናልባትም አግብተህ ያንኑ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ልትገኝ ትችላለህ።

በሩ ከላይ አይሁን። ይህ እባብ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው ሣር ምድር የሚኖር ነው፤ እዚያ አሞራ የሚመጣበት ከላይ ነው። እጅህ ከላይ ሲወርድበት ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን ቢደብቅ አትፍረድበት። ከፊት ለፊት ስትከፍት ግን መምጣትህን ያያል። ክዳን በከፈትህ ቁጥርም ሙቀቱና እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣብሃል፤ እርጥበቱ ደግሞ ከ60 እስከ 80 በመቶ መቆየት አለበት።

ከፊት ከሆነ ያለህ ምርጫ ሁለት ነው፤ ተንሸራታች መስታወት ወይም በማጠፊያ የሚከፈት በር። የኔ ፍርድ ለተንሸራታቹ ነው። ክፍልህ ጠባብ ነው፤ ወደ ውጭ የሚከፈት በር አልጋህን ይመታል። ተንሸራታቹን የምትፈልገውን ያህል ብቻ ትገፋዋለህ፤ እባቡ ወደ በሩ ከመጣም ወዲያው ትመልሰዋለህ። የተወለወለ መስታወት በሀዲዱ ላይ በአንድ ጣት ይሄዳል።

ልኩ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላይኛው ሀዲድ ቦይ ጥልቅ፣ የታችኛው አጭር ይሆናል። መስታወቱን ወደ ላይ ታስገባውና ወደ ታች ታወርደዋለህ። የላይኛው ቦይ 15 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በሁለቱ ሀዲዶች ከንፈር መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 400 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መስታወቱን 412 አስቆርጠው። ሲገባ 3 ሚሊ ሜትር ይተርፍሃል፤ ሲወርድ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትሩ በላይኛው ቦይ ውስጥ ይቀራል። 416 ካስቆረጥኸው ጨርሶ አይገባም፤ 405 ከሆነ ሲገፋ ይወድቃል። ገጥመህ ስትጨርስ በላይኛው ቦይ ውስጥ፣ ከመስታወቱ አናት በላይ፣ ቀጭን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ሸጉጥ። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። ቁራጩ ከሌለ ግን መስታወቱ በገባበት መንገድ ከታች ተነሥቶ ሊወጣ ይችላል፤ ጉልበት ያለው እባብ ደግሞ ይህን ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ አለው።

ሙቀት የተሰጠው መስታወት እዘዝ፤ ቢሰበር እንኳ ወደ ደቃቅ ድብልብል ፍርፋሪ ነው የሚለወጠው። ከተሠራ በኋላ ግን አይቆረጥም፤ ስለዚህ ልኩን ከማዘዝህ በፊት ሁለት ጊዜ ለካ፤ ጠርዙንም አስወልውል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ጫማ ርዝመት ላለው ሣጥን ሁለት ቅጠል ብታደርገው እያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ይህ ክብደት ለአንተ ይሠራል።

አክሪሊክ ርካሽና ቀላል ነውና ያምርህ ይሆናል። ለበር አልመክርህም። በሙቀት ከመስታወት ሰባት ስምንት እጥፍ ይለጠጣል፤ በውስጥ በኩል ወዝ፣ በውጭ በኩል ደረቅ አየር ሲያገኘው ደግሞ ይቆለመማል። የቆለመመ በር መሐሉ ሲገጥም ጥጉ ክፍት ነው። ያን ጥግ ከአንተ በፊት የሚያገኘው እባቡ ነው።

ሁለቱ ቅጠሎች የሚደራረቡበትን ቦታም ተመልከት። በመካከላቸው የሀዲዱ አካፋይ ያህል ክፍተት ይቀራል። ትልቅ ቦል ፓይተን አያልፍበትም፤ እርሳስ የሚያህል የኮርን ስኔክ ግልገል ግን ሊሾልክ ይችላል። ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ገላውንም ያሳልፋል። ክፍተቱን በቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ቁራጭ ድፈነው። ከታችኛው ሀዲድ በታችም አንድ አሥር ሴንቲ ሜትር የእንጨት ከልካይ ይኑርህ፤ አለዚያ የምታነጥፍለት የኮኮናት ገለባ ቦዩን ሞልቶ መስታወቱን ያቆመዋል፤ ያልተዘጋው ደግሞ የተዘጋ ይመስልሃል።

የማጠፊያ በር ከመረጥህም አልጣላህም፤ ግን አጠናክረው። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ረጅም ማጠፊያ ተጠቀም፤ በሁለት ትንንሽ ማጠፊያ የተሰቀለ ከባድ በር በጊዜ ብዛት ይዘነብላል። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ስለሚያብጥ በዙሪያው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተውለት፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ክፍተቱን የሚሸፍን ከንፈር ግጠም። መቀርቀሪያው መሐል ላይ አንድ ብቻ አይሁን፤ ከላይም ከታችም ይሁን፤ እባብ የሚገፋው የታችኛውን ጥግ ነውና። ማግኔት በሩን ገጥሞ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ መቆለፊያ ግን አይደለም። የሽቦ ወንፊት በር ፈጽሞ አትሥራ፤ አፍንጫውን ሲፈትግበት ያድርና ቆስሎ ታገኘዋለህ።

አሁን የምነግርህን በጥሞና ስማኝ። በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኒው ብረንስዊክ፣ ካምቤልተን በምትባል ከተማ፣ በአገራችን ቆላም የሚኖረው፣ ዘንዶ የምንለው የአፍሪካ ሮክ ፓይተን ከማደሪያው ወጥቶ በአየር መተላለፊያ ቱቦ በኩል አልፎ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾችን በተኙበት ገደለ። አንዱ የአራት፣ አንዱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ያ እባብ እጅግ ትልቅ ነበር፤ የአንተው አንድ ሜትር ከግማሽ ቢደርስ ነው፣ ሰውም አይገድልም። እንዲህ ያለውን ዘንዶ ማሳደግ ቢያምርህ ግን እኔ ከእናትህ ጋር እቆማለሁ። የነገርኩህ እንድትፈራ አይደለም። በር ሠሪ በሩን ብቻ ሳይሆን የአየር ማስገቢያውን፣ የገመድ ማሳለፊያውን፣ የመብራቱን ቀዳዳ ሁሉ እንደ በር ማየት አለበት። ቀዳዳዎቹን በትንሹ ብሳቸው፤ መሸፈኛቸውንም በብሎን አጥብቀው።

ሲሊኮኑና ቫርኒሹ ሽታቸው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቅ። ከዚያ ሣጥኑን ባዶውን አንድ ሳምንት አብራው፤ ሞቃቱ ጎን 32 ዲግሪ ላይ ይርጋ፤ ኮምፔንሳቶው ማበጥ ካለበትም በዚያው ጊዜ ይበጥ። በሳምንቱ መጨረሻ ጥጎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ገፍተህ ፈትን። ለተንሸራታች መስታወት የሚሆነውን የጥርስ ቁልፍ ግዛና ማታ ማታ ቆልፍ፤ ደክሞህ ስትገባም ጭምር። መለዋወጫ ቁልፉን እናትህ በምታውቀው ቦታ አስቀምጥ፤ አንተ በሌለህበት ውኃው ቢደፋ ወይም መብራቱ ቢቃጠል እንድትደርስለት። ትፈራለች፣ ግን ትደርሳለች።

መስታወቱን ከማዘዝህ በፊት ደውልልኝ፤ ሜትሬን ይዤ እመጣና አብረን እንለካለን።