የዓሣ ትራፊ

ሰው ወዳጁን ቤቱ ሲጠራ «ና ቡና ጠጣ» ይላል። የእኔ ወዳጅ ግን አንድ እሑድ ጠዋት ደውሎ «ና ባሕር ላሳይህ» አለኝ። እሱም እኔም የምንኖረው ፉሪ ነው። ከተራራው ግርጌ፣ ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር አልፈን። እዚህ ሰፈር እንኳን ባሕር፣ የቧንቧ ውሃም በወረፋ ነው የሚመጣው። «ሰውዬው ምን ነካው?» እያልኩ ሄድኩ።

ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ቆሟል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱም ቁመቱም ሰባ ሰባ ሳንቲ ሜትር። ሙሉ ውሃ ነው፤ ወደ አንድ ሺህ ሊትር ይጠጋል። ውሃው ብቻውን አንድ ቶን ስለሚመዝን ወለሉን አስፈርሶ በአርማታ አስደግፎታል። ከሥሩ የተደረደረ ድንጋይ፣ ከላዩ ሰማያዊ መብራት። ዓሣ ግን የለም።

«ዓሣው የታለ?»

«ገና ነው፤ እስኪጠነሰስ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። አዲስ ውሃ ውስጥ ዓሣ ቢገባ በራሱ ቆሻሻ ተመርዞ ይሞታል። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ መራባት አለባቸው። ይህ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የጠላ ጥንስስ እንደ መጠበቅ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ሲደርስ የሚጠጣው ዓሣው መሆኑ ነው።

ወዳጄ ብዙ ዓመት ውጭ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከሻንጣው ሽቶና ጫማ ይወጣል ስንል ጨው ወጣ። አፋርን የመሰለ የጨው ምድር ላላት አገር ጨው በሻንጣ! ለካ የገበታ ጨው ለዚህ አይሆንም። የባሕር ውሃ ከተራው ጨው በተጨማሪ ካልሲየምና ማግኒዥየም የመሳሰሉትን ይዟል፤ ኮራል ያለ እነሱ አያድግም። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ነውና ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ 35 ኪሎ ጨው ገባበት።

ውሃውም እንደተገኘ አይገባም፤ በማጣሪያ ማለፍ አለበት። የወዳጄ ማጣሪያ ከአምስት ሊትር ውስጥ አንዱን ንጹሕ ያወጣና አራቱን በሌላ ቱቦ ወደ ውጭ ይጥለዋል። አንድ ሺህ ሊትር ለመሙላት አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተራቁቷል ማለት ነው። ያኔ ይህን ሒሳብ ሲነግረኝ አደነቅኩ እንጂ አልደነገጥኩም። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በሁለተኛው ወር ዓሣዎቹ ገቡ። ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካናማ ዓሣዎች፣ ከባሕር የተጠመዱ ሳይሆን እዚያው ውጭ በሰው እጅ የተራቡ ናቸው። ኮራሉም እንዲሁ። ድንጋያማ ኮራል ከአገር አገር ሲሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ፈቃድ ስለሚጠየቅበት፣ ወረቀቱ ከመስታወቱ ሥራ የበለጠ እንዳደከመው ነግሮኛል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል። እሱ ቤት ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያጎርሱታል። ሙቀት ሲበዛበት ግን ያባርራቸዋል፤ ነጭ ይሆናል፤ ካልተመለሱለትም በረኃብ ይሞታል።

የሰፈሩ ሰው እየመጣ አየ። አንዱ «መንግሥት የሚፈልገውን የባሕር በር አንተ በሳሎን አገኘኸው» ብሎ አሳቀን። መቼም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነፃ ስትወጣ ባሕር ከራቀን ወዲህ የተወለደ ትውልድ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። የጅቡቲው ባቡር ለመንገደኞች የሚያበቃው እዚሁ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ቢሆንም፣ ከሰፈራችን ልጆች ባሕር ያየ አላውቅም። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ለግማሽ ሰዓት ሳትናገር ስትቆም አይቻለሁ። ለዚያ ግማሽ ሰዓት ሲባል ብዙ ነገር ይቅር ይባላል ብዬ አስቤም ነበር።

ከዚያ ወዳጄ ለሦስት ሳምንት ወደ ውጭ መሄድ ግድ ሆነበትና ባሕሩን አደራ ሰጠኝ። «ከባድ አይደለም፤ በየቀኑ የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምርበት። ጨው እንዳትጨምር! የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው አይተንም» አለኝ። አሥር ሊትር በየቀኑ። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ እንዳይርቅ። መብራት ከጠፋ ወዲያው ጄኔሬተር፤ ምክንያቱም በእኛ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ፓምፑ ከቆመ ዓሣው እንጦጦ በሩጫ እንደወጣ ሰው ያለከልካል።

«ጨው አይተንም» ያለኝ ቃል አፋርን አስታወሰኝ። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የቀይ ባሕር ክንድ ወደ ደናክል ረባዳ ገብቶ ነበር። በረባዳው ዳር ዳር ዛሬም የዚያን ዘመን የኮራል ቅሪት ይታያል። አዎ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በደረቅ ምድር ላይ፣ የኮራል ድንጋይ አለ። ከዋናው ባሕር ጋር የሚያገናኘው በር ሲዘጋ ውሃው ተነነ፤ የሚጨምርለት አልነበረም። አፋሮች አሞሌ እየጠረቡ በግመል የሚጭኑት ከተነነ የባሕር ውሃ የቀረውን ጨው ነው። ከባሕር ተቆርጦ የቀረ ባሕር መጨረሻው ይኸው ነው። እንግዲህ ወዳጄ እስኪመለስ በዚህ ባሕርና በጨው መካከል የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን። የሰፈሩ ሰው ጀሪካን እየያዘ ውሃ ፍለጋ ይዞራል፤ በአህያ የሚያመጡትም ዋጋ ጨመሩ። እኔ ግን ወዳጄ የተወልኝ ገንዘብ ስለነበረ ውሃ በቦቴ አስመጥቼ ሮቶውን አስሞላሁ። ለዓሣ ብሎ ቦቴ ያዘዘ የፉሪ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የልጅቷ አያት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል።

«አካም ቡልቴ ልጄ፤ አላስነሳሁህም?»

«ኧረ በፍጹም፤ ይግቡ እማማ።»

«አልገባም። ልነግርህ ነው የመጣሁት። ከአጥራችሁ ሥር በየማታው ኩልል ያለ ውሃ ይፈሳል። ቧንቧ ፈንድቶባችሁ እንደሆነ ብዬ። በዚህ ጊዜ ውሃ እንዲህ ሲባክን ያሳዝናል።»

ልብ በሉ፤ ሊለምኑ አልመጡም። የጎረቤት ንብረት እንዳይጠፋ ብለው ነው። ጀሪካን እንኳ አልያዙም። ምን ብዬ ልመልስ? «አዎ፣ ፈንድቷል፤ አስጠግናለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አልወጣም። ማጣሪያው እንደሆነ፣ ከአምስት እጅ አራቱን እንደሚጥል፣ ንጹሑ ለዓሣው እንደሚገባ አስረዳኋቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«ታዲያ ይኼ የሚፈሰው መጥፎ ነው?»

«የለም እማማ፤ ያው የመጣው ውሃ ነው፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። ልብስም ዕቃም ያጥባል።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ዓሣው ከመረጠ በኋላ የተረፈውን እኛ እንወስዳለን ማለት ነው» አሉ።

በምሬት አልነበረም። ነገሩን ለራሳቸው ግልጽ እያደረጉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ይወስዱ ጀመር። አርባ ሊትር። ያቺን አርባ ሊትር ለዓሣው ስል በየማታው ቦይ ውስጥ ስደፋ ሰንብቻለሁ።

በእነዚያ ቀናት ከራሴ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። የመጀመሪያው ክርክር «ውሃው የተገዛ ነው፤ በገንዘቡ ምን አገባህ?» የሚል ነው። ይህ ክርክር ቀልጣፋ ነው፤ ግን እማማ ፊት ቆሜ ልናገረው አልቻልኩም። ፊት ለፊት የማይነገር ክርክር ደግሞ እኔ አላምነውም። ሁለተኛው ክርክር «ሰው ይቀድማል፤ ዓሣው ይሙት» ይላል። እሺ፤ ግን ዓሣው ምን አጠፋ? ፉሪ ልምጣ አላለም። ባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ ውሃ የሚጨምርለት ሰው አይፈልግም። ይሄኛው ግን ከሰው እጅ ውጭ ምንም የለውም። አንድን ፍጡር በአንተ እጅ ብቻ እንዲኖር ካደረግከው ባሕሩ አንተ ነህ። ባሕር ደግሞ «ዛሬ አልተመቸኝም» አይልም።

ወዳጄ አንድ ሦስተኛ ክርክር ነበረው። ባሕሩ እየሞቀ ነው ይላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ ከዓለም የኮራል ሥፍራዎች 84 በመቶ የሚሆኑት ኮራልን ለሚያነጣ ሙቀት ተጋልጠዋል። «እኔ ቢያንስ አንዲት ቁራሽ አተርፋለሁ» ነው የሚለው። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ግን ፍቅር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ባሕርን ቤት ውስጥ ስለማኖር መጽሐፍ አሳተመ። አንባቢው ወደደው፤ ወደደውና ማሰሮና ቅርጫት ይዞ ወደ ባሕር ዳር ተመመ። በ1907 ልጁ ኤድመንድ ስለ አባቱ በጻፈው መጽሐፍ፣ አባቱ ያፈቀራቸው የዓለት ኩሬዎች በዚሁ ፍቅር ባመጣው ሰው እንደተራቆቱ በኀዘን ተናግሯል።

እዚሁ አጠገባችን ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ የቆሮሶ ጫጩት ይራባል፤ ለሐይቅና ለኩሬ ይሰጣል፤ በመጨረሻ ሰው ይበላዋል። ለዚያ ውሃ ሲፈስ ማንም አያፍርም። ታዲያ ለመብላት ሲሆን ያላሳፈረ፣ ለማየት ሲሆን ለምን ያሳፍራል? ውበት ለድኻ አገር አይገባም ለማለት አይደለም። ያቺ ልጅ መስታወቱን ይዛ ስትቆም አይቻለሁ ብያችኋለሁ። ያሳፈረኝ ውበቱ አይደለም። ጥፋቱ ውሃ የጠፋ ዕለት የተሠራም አይደለም። መስታወቱ በቆመ ዕለት ወዳጄ የወለሉን አቅም አስለካ፣ የጨውን ግራም መዘነ፣ የሙቀቱን ዲግሪ ቆጠረ። አንድ ያልለካው ነገር ነበር፤ ይህ ሁሉ ከማን ድርሻ እንደሚወጣ። እኔም በአምስት ሺህ ሊትሩ ስደነቅ አልጠየቅኩትም።

ሰው ለሚወደው ነገር ቃል መግባቱ መልካም ነው። ግን በጎረቤት ውሃ ቃል አይገባም። ይህ ደግሞ የዓሣ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀሪካን ከተሰለፈበት መንገድ ማዶ በየማታው የሚጠጣ የግቢ ሣር ስንት አለ? አሳዳጊው «በገንዘቤ ነው» ይላል፤ ልክም ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ላየው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወዳጄ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ከእማማ ቃል ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እና ምን ላድርግ? ላፍርሰው?»

መልስ አልነበረኝም። ማፍረስ መግደል ነው፤ ወደ ባሕር መመለስም አይቻል፤ ከባሕር አልመጡማ። የጀመሩት ነገር አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ በመጸጸት አይፈታም፤ በመጠበቅ እንጂ። ሁለተኛ ትልቅ መስታወት ሊያሠራ ያሰበውን ተወው። የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ የሚሰበስብ ሮቶ አስተከለ። የማጣሪያውንም ቱቦ ከቦዩ አንስቶ በርሜል ውስጥ አስገባና ከአጥሩ ውጭ ቧንቧ አወጣለት። ጎረቤት ሳያንኳኳ ይቀዳል። በቂ ነው ወይ? እንጃ። ከምንም ይሻላል ብዬ ልለፈው።

እማማ ዛሬም ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ያገኙኝ እንደሆነ «የዓሣው ትራፊ መጣ ወይ?» ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔ ግን እስካሁን አብሬያቸው መሳቅ አልቻልኩም።