ትንሿ ባሕር፤ ስለ መውደድና ስለ መያዝ

ሰው ውብ ነገር ባየ ጊዜ ሁለት ፍላጎቶች በአንድነት ይነሡበታል። አንደኛው ያየውን ቆሞ ማድነቅ ነው፤ ሁለተኛው አንሥቶ ወደ ቤቱ መውሰድ ነው። አበባ ያየ ሕፃን ከመቅጠፉ በፊት አይመራመርም፤ አዋቂው ግን ተመራምሮም ቢሆን ይቀጥፋል። ከዚህ የሚመነጨው የግብረገብ ጥያቄ አጭር ነው፤ ሕይወት ያለውን ነገር መውደድ ያንኑ ነገር ይዞ ለማኖር መብት ይሰጣልን? ጥያቄው ረቂቅ ይምሰል እንጂ መልሱ የሚፈተነው በተጨባጭ ሥራ ላይ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ፣ በመጀመሪያ ሲታይ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው፣ የባሕር ዓሣን በመስተዋት ገንዳ በቤት ውስጥ የማኖር ጥበብ ነው።

አኳሪየም በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ገንዳ የተስፋፋው በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. በመስተዋት ላይ ተጥሎ የኖረው ቀረጥ ተነሣ፤ የባቡር ሐዲድም የባሕሩን ዳርቻ ከከተማው ጋር ያገናኝ ጀመር። በተከታዩ ዓመት አና ታይን የተባለች የአንድ የለንደን ካህን ባለቤት፣ ቶርኪ ከተባለው የባሕር ዳርቻ ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች በዕቃ ውስጥ አድርጋ ወደ ቤቷ አመጣች። ኮራሎቹ ከባሕር እንደ ወጡ እንዳይሞቱ ውሃቸው አየር ማግኘት ነበረበት። ስለዚህም የቤት ሠራተኛዋ በየዕለቱ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ትደክም ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ፓምፕ የሚያከናውነውን ተግባር ያን ጊዜ የአንዲት ሴት ክንድ ያከናውነው ነበር ማለት ነው። የእመቤቲቱ ስም በአኳሪየም ታሪክ ውስጥ ሲነሣ እርሷ «የቤት ሠራተኛዋ» ተብላ ትታለፋለች። የትንሿ ባሕር የመጀመሪያ ትምህርትም ይኸው ነው፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ውበት የቆመው ዓይን በማያየው ድካም ላይ ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው በቅድሚያ የሚማረው ከግምቱ ተቃራኒ የሆነ ነገር ነው። በትንሽ ገንዳ ቢለማመድ የሚቀልለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ20 ሊትር ውሃ ውስጥ አንዲት ዓሣ ብትሞት፣ ወይም የቀትር ፀሐይ ጥቂት ሰዓት ቢያርፍበት፣ ውሃው በሙሉ ባሕርዩን ይለውጣል። 150 ወይም 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ግን የጠባቂውን ስሕተት ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ለማረሚያ ጊዜ ይሰጣል። ባሕር ታጋሽ የሆነው ሰፊ ስለሆነ ነው። ባሕርን ያጠበበ ሰው ከትዕግሥቱም ቀንሶበታልና፣ የቀነሰውን ያህል በራሱ ትዕግሥት መተካት ይኖርበታል።

ውሃው ራሱ የሚዘጋጅ ነገር ነው። በቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ለሰው ጤንነት ቢጠቅምም ለዓሣ መርዝ ነው። ስለዚህ ውሃው ከተጣራ በኋላ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ይሟሟበታል። የወጥ ቤት ጨው ለዚህ አይሆንም፤ የባሕር ውሃ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ሌሎች ማዕድናትንም የያዘ ነውና። መጠኑ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ከገንዳው በየቀኑ ጥቂት ይተናል፤ የሚተነው ግን ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ የጎደለውን በጨው ውሃ ይሞላል። ገንዳው ከሳምንት ወደ ሳምንት ጨው እየበዛበት ይሄዳል፤ ዓሣዎቹም በደግነት ብዛት ይሞታሉ። መሞላት የነበረበት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነበር። የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይለዩ ለመሙላት መቸኮል ከገንዳው ውጭም ብዙ ቤት ያፈረሰ ስሕተት ነው።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚከብደው ተግባር ይመጣል፤ ይኸውም መጠበቅ ነው። ውሃው ጠርቷል፤ አሸዋው ተነጥፏል፤ ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ተደርድሯል፤ ፓምፑ ይሠራል፤ ዓሣ ግን አይገባም። ከዓሣ የሚወጣው ቆሻሻና ከምግብ የሚተርፈው ፍርፋሪ አሞኒያ ወደሚባለው መርዝ ይለወጣል። ይህን መርዝ የሚያጠፉት በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ፣ ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ናይትራይት ወደተባለ ሌላ መርዝ ይለውጣል፤ ሁለተኛው ወገን ናይትራይትን ተቀብሎ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬቱም ከውሃው ጥቂት ጥቂቱን በየጊዜው በመለወጥ ይወገዳል። እነዚህ ሠራተኞች ለሥራው በቂ እስኪሆኑ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። ጠባቂው በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓሣ ለሌለበት ገንዳ ቁንጥር ምግብ እየጣለ፣ ውሃውን እየለካ ይቀመጣል። ሊጡ ኩፍ ሳይል ምጣድ የምትጥድ ባለሙያ የለችም፤ እርሾው ሲሠራ በዓይኗ ባታየውም ሥራውን ታውቃለችና ታምነዋለች። የባዶው ገንዳ ሳምንታትም እንዲሁ የእምነትና የፍቅር መፈተኛ ናቸው። ዓሣውን የወደደ ይጠብቃል፤ «ዓሣ አለው» መባልን የወደደ ግን አይጠብቅም።

የሚቸኩለው ሰው የሚደርስበት የታወቀ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በአንድ ቀን አምስትና ስድስት ዓሣ ያስገባል፤ ቆሻሻው ከባክቴሪያዎቹ አቅም በላይ ይሆናል፤ ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ሲያለከልኩ ያያል፤ በማግስቱም በወንፊት ይለቅማቸዋል። አስተዋዩ ግን በመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያስገባል፤ ለሚቀጥለው ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሰላማውያኑን ያስቀድማል፤ ጠበኞቹን ለመጨረሻ ያቆያል፤ ቀድሞ የገባ ዓሣ ቦታውን እንደ ርስቱ ቆጥሮ ኋላ የመጣውን ያሳድዳልና። እንግዳውንም ከመጣበት ከረጢት በቀጥታ አይዘረግፈውም፤ የገንዳውን ውሃ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ አንድ ሰዓት ያህል ያለማምደዋል።

በገበያ ላይ ውብ ሆኖ የታየው ሁሉ ለቤት አይሆንም። ሰማያዊ ታንግ የሚባለው ዓሣ የጣት ርዝመት እያለው ይሸጣል፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ፍጡር ነው። ማንዳሪን የተባለው፣ የሸማኔ ጥለት የሚመስል ቀለም ያለው ዓሣ ደግሞ በባሕሩ ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ደቃቅ ሕያዋንን እየለቀመ የሚኖር ስለሆነ፣ እነዚያ ባልተራቡበት አዲስ ገንዳ ውስጥ ምግብ እየተጣለለት በራብ ይከሳል። ገዢው በየቀኑ ይመግበዋል፤ ዓሣውም በየቀኑ ይራባል። የሚሰጠው ሰው እንዳልሰሰተ ሕሊናው ይመሰክርለታል፤ የሰጠው ግን የራሱን ግምት እንጂ ተቀባዩ የሚፈልገውን አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው መልካም ጠባቂ መሆንን ይመለከታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። ጠባቂው ምንም ስሕተት ባይሠራስ? ፍቅሩ ንጹሕ፣ ትዕግሥቱ ሙሉ፣ ዕውቀቱም የተሟላ ቢሆንስ? ለዚህ የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ሕይወት ምስክር ነው። ጎስ ከ1810 እስከ 1888 የኖረ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በ1854 «አኳሪየም» በሚል ርእስ ያሳተመው መጽሐፍ ቃሉንም ነገሩንም በሕዝብ ዘንድ አስለመደ። ጥልቅ ሃይማኖተኛ ስለነበረ በእያንዳንዷ የባሕር ፍጡር ላይ የፈጣሪን እጅ ያይ ነበር፤ የጻፈውም ሌሎች ይህንኑ እንዲያዩ ነው። አንባቢዎቹም አዩ። ካዩም በኋላ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ወደ ዴቨን ዳርቻ ጎረፉ፤ ማዕበል ሲመለስ በዓለቶች መካከል የሚቀሩትን ኩሬዎች እየጎረጎሩ ያገኙትን ሰበሰቡ። ባለቅኔና ሐያሲ የነበረው ልጁ ኤድመንድ ጎስ፣ በ1907 ባሳተመው «አባትና ልጅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ እነዚያ ኩሬዎች የቀድሞ ውበታቸው በሰብሳቢዎች መጥፋቱን፣ አባቱም ባልጠበቀው መንገድ ለዚህ ጥፋት ምክንያት በመሆኑ ማዘኑን መስክሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እያንዳንዱ ሰብሳቢ ከዳርቻው የወሰደው ጥቂት ነው፤ የወሰደውም ወዶ ነው። አንድ ሰው ሲያደርገው ጉዳት የሌለው የሚመስል ነገር ሺህ ሰዎች ሲያደርጉት ጥፋት ይሆናል፤ ፍቅርም በብዙ እጅ ሲሆን እንደ ዘረፋ ነው። ስለዚህ ወዳጁ ራሱን መጠየቅ ያለበት «እኔ በደንብ እይዘዋለሁን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እንደ እኔ የወደዱት ሁሉ እንደ እኔ ቢያደርጉ ለባሕሩ ምን ይተርፈዋል?» ብሎም ነው።

ጥያቄው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጋር አብሮ አልተቀበረም። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ ዓሣ አጥማጆች ለአኳሪየም የሚሸጠውን ዓሣ አደንዝዘው ለመያዝ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በኮራሎች መካከል ሲረጩ ኖረዋል። ዓሣው ደንዝዞ ይያዛል፤ ቤቱ የነበረው ኮራል ግን ይሞታል። በኢንዶኔዥያ በባንጋይ ደሴቶች አካባቢ ብቻ በተፈጥሮ የሚኖረው የባንጋይ ካርዲናል ዓሣ ደግሞ በ1990ዎቹ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ በውበቱ ምክንያት ያለ ልክ ተጠመደ፤ በ2007ም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ጋር ተመዘገበ። የዚህ ዓሣ ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ፣ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ይጠብቃል። ከዚህም የተነሣ በሰው እጅ በቀላሉ ከሚራቡት የባሕር ዓሣዎች አንዱ ነው። በገንዳ ሊወለድ የሚችለውን ከባሕር እየነጠቁ ማጥፋት የችግር ሳይሆን የችኮላ ውጤት ነው።

በሌላ ወገን የሚቀርበው ክርክርም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ዓሣውን የሚያጠምደው ሰው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚሁ ነው፤ ከመጨረሻው ዋጋ የሚደርሰው ጥቂት ቢሆንም ያ ጥቂት እንጀራው ነው። ንግዱ በሥርዓት ቢመራ አጥማጁ ራሱ የኮራሉ ጠባቂ ይሆናል፤ ነገ የሚያጠምድበትን ዛሬ አይመርዝምና። ደግሞም ባሕርን አይቶ የማያውቅ የከተማ ሕፃን ለባሕር ሊቆረቆር አይችልም፤ ምናልባት የነገው የባሕር ተሟጋች የሚወለደው ዛሬ በአንድ መስተዋት ፊት አፍንጫውን ለጥፎ ከቆመው ሕፃን ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ጎስም ያመነው ይህንኑ ነበር። ማየት ወደ መውደድ ይመራል፤ መውደድ ወደ ጥበቃ ይምራ ወይም ወደ መቅጠፍ ግን ማየት ብቻውን አይወስንም።

የሚወስነው ወዳጁ ሊተው የሚችለው ነገር ነው። ብርቱካናማ ገላዋን ነጭ መቀነት የከበባት፣ ክላውን በመባል የምትታወቀው ዓሣ ለዚህ አብነት ትሆናለች። ጥንዶቹ በገንዳ ውስጥ እንቁላላቸውን በድንጋይ ላይ ይጥላሉ፤ ወንዱም እየተንከባከበ ይጠብቀዋል። ለሽያጭ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ባሕርን ፈጽሞ አይተው የማያውቁ፣ በሰው እጅ የተወለዱ ናቸው። ጀማሪ ሁለት እንዲህ ያሉ ዓሣዎችን ይዞ ቢጀምር፣ ማንዳሪኑንና ታንጉን ለሰፊው ውሃ ቢተው፣ ከባሕር የተጠመደ ሲገዛም ማን በምን መንገድ እንደያዘው ቢጠይቅ፣ ገንዳው ከጎረቤቱ ገንዳ ያነሰ ቀለም ይኖረው ይሆናል። ያ የጎደለው ቀለም ግን በባሕር ውስጥ አለ፤ የፍቅሩም መለኪያ እርሱ ነው። መልሱ ሙሉ አይደለም፤ ገበያው ሲዘጋበት አጥማጁ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ይቀራልና። ቢሆንም መውደድ ብቻውን መብት እንደማይሰጥ ግልጽ ይሆናል። መብት ካለ የሚመጣው ፍቅር በራሱ ላይ ከሚጭነው ግዴታ ነው፤ ከመጠበቅ፣ ከመጠየቅና ከመተው።

በለንደን መስኮት አጠገብ ቆማ ውሃ ስትገለብጥ የነበረችው ሠራተኛ ኮራሎቹ የእርሷ አልነበሩም። ያኖረቻቸው ግን እርሷ ነበረች።