ጥፋትን ሁሉ በአንድ ኃያል አገር ላይ መጣል ይገባልን?



ጦርነት ሲነሣ፣ ኑሮ ሲወደድ፣ ወንድማማች ሲጣላ «የአሜሪካ እጅ አለበት» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህ አነጋገር ጥቂት እውነት አለው፤ የሚያስተውም ጥቂቱን እውነት ሙሉ አድርጎ ስለሚያቀርብ ነው።

ጥቅምት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ብዙ ሕዝብ ተሰልፎ የአሜሪካን ጫና ተቃውሞ ነበር። ለቅሬታው ምክንያት ነበረው። ያ መንግሥት በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ንግድ ሲያስወጣ፣ ቅጣቱ ጦርነቱን ባልጀመሩት፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በሚሰፉ ወጣት ሴቶች እንጀራ ላይ ጭምር ወድቋል። ይህ በደል ነው ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን «በዚህ በድላለች» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ ጦርነቱ ሁሉ የእርሷ ሥራ ነው» ወደሚል ፍርድ መድረስ የአስተሳሰብ ስሕተት ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው በዚያ ጦርነት የተኮሱት፣ የዘረፉት፣ በጥላቻ ቃል እሳቱን ያራገቡት በአብዛኛው የዚህችው አገር ልጆች ነበሩ።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ለሚኖር ሰው ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ የጎርፉ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ዝናቡ በርትቷል፤ በላይኛው አገር ደኑ ተመንጥሮ፣ ተዳፋቱ ታርሶ አፈሩ ታጥቧል፤ የወንዞቹም ወለል በደለል ተሞልቷል። ዝናቡን ብቻ የሚከስ ሰው አልዋሸም፤ ሆኖም ሊያስተካክለው የሚችለውን ትቶ የማይደርስበትን ይዟልና የሚመጣው ክረምት ያው ይሆንበታል።

ለአማኝ ደግሞ ከዚህ የከፋ አደጋ አለ። በዓለም የሚሆነውን ሁሉ የሚያደርግ ኃይል ለአንድ መንግሥት ስንሰጥ፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ለፍጡር መስጠታችን ነው። ራሳችንንም ነፃ ፈቃድ እንደሌለው ዕቃ እንቆጥራለን። አዳም በሔዋን፣ ሔዋንም በእባቡ አሳበበች፤ እባቡ በእርግጥ አሳስቷል፣ ነገር ግን የሁለቱ ጥፋት በዚያ አልተሰረዘም።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1980 ዓ.ም. ስለ ሕዝቦች ዕድገት በጻፉት መልእክት የምሥራቁንም የምዕራቡንም ኃያላን ወቅሰዋል። ኃያላን አይነኩም አላሉም። ይሁን እንጂ «የኃጢአት መዋቅር» ያሉት ሁሉ ሥሩ የእያንዳንዱ ሰው ኃጢአት መሆኑን አስተምረዋል።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። ሩቅ ያለውን ኃያል መርገም ዋጋ አያስከፍልም፤ የገዛ ወገንን «ይህ ግፍ ነው» ማለት ግን ወዳጅ ያሳጣል። ብዙ ጊዜ ሩቁን የምንከሰው የቅርቡን ስለምንፈራ ነው።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ ያለ ክስ ሲሰሙ ተማሪዎቻቸውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተከሰሰው በእርግጥ ምን አደረገ? ከጥፋቱ የእርሱ ድርሻ ምን ያህል ነው? የእኛስ? ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ፍትሕ ነው፤ ኃያሉን በልኩ መውቀስም ከዚህ ይቈጠራል። ወደ ምስጢረ ንስሐ ስንቀርብ ግን ካህኑ የሚሰማው የአሜሪካን ኃጢአት ሳይሆን የእኛን ነው።

እግዚአብሔር አስተዋይ ልቡና ይስጠን።