ማጠቢያውን ከመትከልህ በፊት

ልጄ፣ ጅማ አካባቢ የቡና ማጠቢያ ልትተክል ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እናትህ ያሳየችኝን የወጪ ዝርዝርም አየሁት። የቡና መፈልፈያው ፐልፐር፣ ጄኔሬተሩ፣ ማድረቂያ አልጋው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሁሉም ተጽፏል። የፍሳሽ ጉድጓድ ግን የለበትም። ቡና ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ያስፈልጋል። የተረፈው ገለፈትና ልጋግ የት እንደሚሄድ አስበህበታል? ልጋጉ ስኳር አለው። ወንዝ ሲገባ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል፣ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ጊዜው ነው። ቡና የሚታጠበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በሚቀንስበት ወቅት ነው። ቆሻሻው ሲበዛ የሚያቀጥነው ውኃ ያንሳል።

የማውቀው አንድ ባለ ማጠቢያ በዚሁ ከሰረ። ከብቱ ውኃውን አልጠጣም አለ፤ የታጠቡበት ልጆች ገላቸውን አሳከካቸው፤ ሰዉ ተሰብስቦ ከሰሰ። ማጠቢያው የታሸገው ቡናው በሚጎርፍበት ሳምንት ነበር። እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የገዛው ቡና በግቢው ውስጥ ሸተተ፣ የባንኩ ወለድ ግን አላቆመም። ሕጉም ከእርሱ ጋር አልነበረም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፣ እስከ መዝጋትም ይሄዳል።

አንተ ገና ስላልጀመርክ ይቀልልሃል። ውኃ ቆጣቢ ፐልፐር ግዛ። ጉድጓዶቹን ከወንዙ አርቀህ በተከታታይ አስቆፍር፣ ዙሪያቸውን ቬቲቨር ሣር ትከል። ገለፈቱን አብላልተህ ኮምፖስት አድርገው፤ እሸቱን ላመጣልህ ገበሬ መልሰህ ብትሰጠው የከርሞ ቡናውን ያመጣልሃል።

ከፍሳሹ ሌላ ልታስብበት የሚገባህ የደን ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና እዚያ ገበያ አይገባም። የሚጀመርበት ቀን በተደጋጋሚ መራዘሙን ሰምተህ አትዘናጋ። ጀርመን ከትልልቆቹ ገዢዎቻችን አንዷ ናት፤ ገዢው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቅሃል። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ በስልክ የሚወሰድ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ ገበሬ ማሳ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው። ሆኖም ምንጩ ያልታወቀ ጥቂት ቡና ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ሙሉው ጭነት ይበላሽብሃል። ስለዚህ በየመንገዱ ከሚሰበስብ ሰው አትግዛ። ገበሬዎችህን ለቀማው ሳይጀመር በስምና በማሳ መዝግብ። በዛፍ ጥላ ሥር ቡና አብቅለው ለኖሩት ገበሬዎች ይህ ሕግ ጠላት አይደለም፤ የሚጎዳቸው ማስረጃ ማጣት ነው፤ ማስረጃውን ልትይዝላቸው የምትችለው ደግሞ አንተ ነህ።

የብድሩን ወረቀት ከመፈረምህ በፊት ዝርዝሩን እንደገና ሥራው፤ የፍሳሹን ወጪ ከፐልፐሩ ቀጥሎ አስፍር። ከቦታው በታች ወንዙን የሚጠጡትን ሰዎችም ራስህ ሄደህ አነጋግራቸው፤ ምን ልትሠራ እንዳሰብክ ከአንተ አንደበት ይስሙ።