ልክ የሆነ መልስ፣ ልክ ያልሆነ መንገድ

ብዙ ተመራማሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ስሌት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ማስላት ያለበት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ነው። ምክሩ ተራ የጀማሪ መመሪያ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ አለ። ማሽን ያወጣውን ቁጥር የያዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል ወይስ ያምነዋል ብቻ?

ጥያቄውን ለመመርመር የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ከሚያሰላው ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል። መስከረም 1 ቀን፣ በጫግኒም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ። ምእመኑ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በግ የሚያደልበውም፣ ሰርግ የሚደግሰውም ከዚያ ተነሥቶ ይቆጥራል። ቀኑን ራሱ ያሰላ ጥቂት ነው። ሆኖም ሕዝቡ ፋሲካን አያውቅም የሚል የለም፤ ስሌቱ ለማንም ክፍት ነውና። የፈለገ ሰው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ተምሮ ራሱ ሊደግመው ይችላል።

መንገዱ ይህ ነው። በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ይባላል። 19 የተመረጠው ጨረቃ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ ያህል ታድሳ ከፀሐይ ዓመት ጋር እንደገና ስለምትገጥም ነው። ከመደቡ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ የስሌቱ ማመሳከሪያ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፣ ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ ማለትም የእሑድ ተውሳክ፣ 7 ነው፣ ድምሩ መባጃ ሐመርም 25 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል።

በጋራ ማሽን ላይ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ጥቂት ነው። ተጠቃሚው ጫግኒ ተቀምጦ ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር ውስጥ በኢንተርኔት ሊገባ ይችላል። የሚገባበት ኮምፒውተር ፋይል ለማዘጋጀት የተመደበ ነው፤ እዚያ ላይ ከባድ ስሌት የሚያስነሣ ሰው የሌሎችን ሁሉ ሥራ ያዘገያል። ስለዚህ ስሌቱ በስክሪፕት ይጻፍና፣ ስንት ፕሮሰሰር፣ ምን ያህል ሜሞሪና ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ተገልጾ፣ እንደ ስለርም ላለ ወረፋ አስያዥ ሶፍትዌር ይሰጣል። ማትላብና ፓይተን ብዙ ጊዜ በተለያየ ቨርዥን ስለሚጫኑ የሚፈለገው በሞጁል ትእዛዝ ይመረጣል። እያንዳንዱ እርምጃ የማያውቁትን ሰው ማመንን ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩን የጻፈውን፣ የጫነውን፣ ማሽኑን የሚጠብቀውን። ክሌቭ ሞለር ማትላብን በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ተማሪዎቹ ፎርትራን ሳይጽፉ በማትሪክስ እንዲያሰሉ ብሎ ነበር። ትልቅ ውለታ ነው፤ መልሱ የሚመጣበትን መንገድ ከተጠቃሚው ዓይን ያራቀውም ይኸው ምቾት ነው።

ባሕረ ሐሳብን በፓይተን ለመጻፍ ጥቂት መስመር ይበቃል። ጀማሪ በቀላሉ የሚስተው አንድ ቦታ አለ። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር መደቡ 19 ተብሎ ይያዛል፣ ወንበሩም 18 ይሆናል። ይህ ያልተነገረው ማሽን ከ0 ላይ 1 ይቀንስና ከዜሮ በታች የሆነ ወንበር ያገኛል። 2005 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። የተሳሳተው ኮድ አበቅቴውን በ18 ፋንታ 19፣ መጥቅዑን በ12 ፋንታ 11 ያደርጋል። ድምራቸው አሁንም 30 ስለሆነ ማመሳከሪያው ስሕተቱን አያሳይም። ከዚያ የሚከተለው የበለጠ ያስደንቃል። መጥቅዑ ከ14 ስለማይበልጥ በዓለ መጥቅዕ ወደ ጥቅምት፣ ነነዌም ወደ የካቲት ያልፋል። በትክክለኛው መንገድ ጥቅምት 12 ሰኞ ነበር፤ ተውሳኩ 6፣ ድምሩ 18። በተሳሳተው መንገድ ጥቅምት 11 እሑድ ነበር፤ ተውሳኩ 7፣ ድምሩ ያው 18። ሁለቱም ነነዌን የካቲት 18፣ ፋሲካን ሚያዝያ 27 ላይ ያውላሉ። በ1967፣ በ1986ና በ2024ም ሁለቱ መንገዶች አንድ ቀን ላይ ይገናኛሉ።

የሚለያዩት በ2043 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ መባጃ ሐመሩ 20፣ ፋሲካም ሚያዝያ 29 ይሆናል። የተሳሳተው ኮድ ግን ዓርብ ጥቅምት 11ን ይዞ 2 ይደምራል፤ 13 ያገኝና ፋሲካን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሚያዝያ 22 ላይ ያደርገዋል።

እንግዲህ ይህን ኮድ የጻፈ ሰው የ2005ን ፋሲካ ያውቅ ነበር ሊባል ይችላል? መልሱ እውነት ነው፤ ማስረጃም ነበረው፤ በሦስት የታወቁ ዓመታት ፈትኖት አልፏል። ፕላቶ በሜኖን ውይይቱ ወደ ላሪሳ የሚወስደውን መንገድ በግምት ያገኘ ሰውም ልክ እንደሚያውቀው ሰው ከቦታው እንደሚደርስ አስተውሎ፣ ልዩነቱን በምክንያት መታሰር ላይ አድርጎታል። ኤድመንድ ጌቲየር ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት እንኳ በአጋጣሚ ልክ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። የ2005ቱ ስሌት ለጌቲየር ሐሳብ እውነተኛ ምሳሌ ነው፤ ከሳምንቱ ቀናትና ከተውሳኩ ግጥምጥሞሽ የመጣ ልክነት እንጂ እውቀት አይደለም። የአብነት ተማሪው በዚህ ይበልጣል። ምንም ሳይተርፍ ሲቀር መደቡ ለምን 19 እንደሚባል ቢጠየቅ፣ ዓመቱ የዑደቱ መጨረሻ ስለሆነ ነው ብሎ ይመልሳል። በሌላ ማሽን የተሠራ መልስም እውቀት የሚሆነው ይህን ዓይነት ጥያቄ የሚመልስ ሰው ሲኖር፣ መንገዱም ለመርማሪ ሁሉ ሲከፈት ነው።

ባሕረ ሐሳብ በሙሉ ቁጥር ስለሚሠራ አንድ ችግር አያገኘውም። የአባይን ፍሰት ወይም የበለስ ወንዝን ጎርፍ የሚያሰላ ሰው ግን በአሥርዮሽ ይሠራል፤ ኮምፒውተር ደግሞ 0.1ን በሁለትዮሽ ጨርሶ ሊጽፈው አይችልም። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 754 መለኪያ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ 0.1 እና 0.2 ተደምረው በትክክል 0.3 አይሆኑም። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ሰው ይገድላል። የካቲት 1991 እ.ኤ.አ. ዳህራን፣ ሳውዲ አረቢያ ውስጥ፣ ሰዓቱን በ0.1 ሴኮንድ የሚቆጥር የፓትሪዮት መከላከያ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ ቆይቶ በሴኮንድ ሢሶ ያህል ተሳሳተ፤ የመጣውን ሚሳይል ሳያቆመው ቀርቶ 28 ወታደሮች ሞቱ። በጋራ ማሽን ላይ ደግሞ ብዙ ፕሮሰሰሮች ድምሩን ተከፋፍለው ስለሚሠሩ የመደመሩ ቅደም ተከተል ከአንዱ ሩጫ ወደ ሌላው ሊለያይ ይችላል፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞችም አብረው ይለወጣሉ።

ስለዚህ ሁለት ሩጫዎች እስከ ስንተኛው አሃዝ ከተስማሙ አንድ መልስ እንደሚባሉ መወሰን ያለበት ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወሰን ገደብ ተመራማሪው ወደሚመኘው መልስ ያዘነብላል። ከውጤቱ ጋር የሶፍትዌሩ ቨርዥን፣ የተጫኑት ሞጁሎች፣ የገባው ዳታና የወረፋው ስክሪፕት በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ። መፈተኛዎቹም እዚያው ይሆናሉ፤ በሚመቹ ዓመታት ላይ ብቻ ሳይወሰኑ፣ ስሕተቱ የሚጋለጥበትን 2043 ዓ.ም. ከሚያዝያ 29 ጋር ይጨምራሉ።