ከጵንፍልያ የተመለሰው

ልጆቼ፣ በሞያሌ በኩል መጥታችሁ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሻገራለን ስትሉ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ለቀራችሁት ነው የምጽፈው። ከእናንተ መካከል ዲያቆን የነበረ አለ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታ የነበረ አለ። ዛሬ ግን እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሳልሞ ይመለሳል። አንዱ በመንገድ የጓደኛውን አደራ በልቷል፤ ሌላው ለደላላ ሰው መልምሏል፤ ሌላው በመጠጥና በዝሙት ወድቋል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል፣ ለአገልግሎት ግን ከእንግዲህ አልሆንም። ይቅርታንና ጥሪን እንዲህ መለያየት ስሕተት ነው እላለሁ።

ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ጴጥሮስ ነው። በፍም እሳት ዳር ሦስት ጊዜ ካደ፤ በሌላ ፍም ዳር ሦስት ጊዜ ተጠይቆ በጎችን ተረከበ። ጴጥሮስን ያነሣው ግን ጌታ ራሱ ነው። እናንተን የሚያስፈራችሁ የሰው ፊት ስለሆነ የማርቆስ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባችኋል። ዮሐንስ የተባለው ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ በርናባስ ይዘነው እንሂድ ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ። በዚሁ ተጣልተው ተለያዩ፤ በርናባስም ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ማርቆስን አምጣልኝ፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ አሳሰበው። በትውፊታችን የእስክንድርያን መንበር የመሠረተው ይኸው ሰው ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አትናቴዎስ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ከዚያ መንበር ነው፤ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስም እናት መንበራችን እርሱ ነበር። አገራችሁ ላይ የተቀበላችሁት ክህነት ምንጩ ሲፈለግ፣ አንድ ቀን ከመንገድ የተመለሰ ወጣት ጋ ይደርሳል።

ታዲያ ጳውሎስ ተሳስቶ ነበር? አይመስለኝም። ይቅርታ ወዲያው ይሰጣል፤ መታመን ግን በሥራ ይመለሳል፤ ጊዜም ይፈልጋል። አደራ የበላ ሰው ነገ የምጽዋቱን ሣጥን ቁልፍ ስጡኝ ቢል ሊከለከል ይገባል። ዘኬዎስም የተቀበለው ምሕረት የቀማውን አራት እጥፍ ከመመለስ አላስቀረውም። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ከራሱ ከሥርዓቱ ይመጣል፦ ከጋብቻ በፊት ድንግልናውን ያጣ ዲያቆን ንስሐ ቢገባም ወደ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ይህን ሕግ ላለሳልሰው አልፈልግም፤ ያማል። ነገር ግን ያችው ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሱ ውጭ ቅኔ ማኅሌት አላት። እዚያ ክህነት የሌላቸው ደብተራዎች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያገለግላሉ፤ ዜማውንና ቅኔውን ለትውልድ ያቆዩልን በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። የተዘጋው አንድ በር ነው። ጥሪ ሲታደስ የግድ የቀድሞውን ልብስ አያለብስም፤ ማርቆስም ሲመለስ በጳውሎስ ጉዞ ላይ ቦታ አላገኘም፣ ከበርናባስ ጋር ቆጵሮስ ነው የገባው።

ስለዚህ እፍረቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ በሥራ እንጂ በመቀመጥ አይለቅም። የንስሐ አባት ያዙ፤ ስትናዘዙም ያለባችሁን ዕዳና የበደላችሁትን ሰው በስም ተናገሩ። አገር ቤት እናቱ የምትጠብቀው ጓደኛ ገንዘቡ ካለባችሁ በየወሩ የምትልኩትን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከአባታችሁ ጋር ወስኑ። ቀኖናችሁን ከፈጸማችሁ በኋላ ምን ልሥራ ብላችሁ ጠይቁ፤ ደጅ መጥረግም ሆነ አዲስ ለመጡት ማስተርጎም፣ የተሰጣችሁን አትናቁ። እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ የወደቀውን ልጅ ስሙን እያነሣን ከምናማ፣ አንዳችን ይዞት የሚሄድ በርናባስ እንሁን፤ ይህን በእኛ ላይ ያለ ዕዳ አድርጋችሁ ጠይቁን።