ስለ ጫማ ተረከዝና ስለ ልበ ሙሉነት

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ለአንዳንዱ ሰው የሚያስቅ፥ ለአንዳንዱም የሚያስቈጣ ይመስላል። ይኸውም፥ ወንድ ልጅ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለውን፥ በተለምዶ ታኮ የምንለውን ጫማ አድርጎ በአደባባይ ቢሄድ፥ በዚህም ልቡ ቢበረታ፥ ነገሩ እንዴት ይፈረዳል? የሚል ጥያቄ ነው። በዘመናችን በአውሮጳና በአሜሪካ ይህን የሚያደርጉ ወንዶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚህ ጫማ ምክንያት አንገታቸውን ቀና አድርገው መሄድን እንደ ተማሩ፥ የሰውንም ዓይን መፍራት እንደ ተዉ ይናገራሉ። ጥያቄው ከጫማ ይልቅ ስለ ልብ ነውና፥ ሳንስቅና ሳንቈጣ እንመርምረው።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን ወደ አገራችን እናቅርበው። በሰሜን ሸዋ፥ በሞረትና ጅሩ ያለችውን የእነዋሪን ከተማ አስብ። አንድ ጎልማሳ በአዲስ አበባ ትምህርቱን ፈጽሞ ለበዓል ወደ ወላጆቹ ይመጣል እንበል፤ የጫማውም ተረከዝ አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ ነው። በገበያው መካከል ሲያልፍ ልጆች ያፏጫሉ፥ እኩዮቹ እርስ በርሳቸው እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ፥ ሽማግሌዎችም ፊታቸውን ይመልሳሉ። እርሱ ግን በልቡ፥ ከዚህ ቀደም ሰውን ስፈራ ኖሬአለሁ፥ ዛሬ ግን አልፈራም፥ እያለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ሕዝቡ በጎልማሳው ላይ የፈረደው ፍርድ ቅን ነውን? ጎልማሳውስ ያገኘው ልበ ሙሉነት እውነተኛ ነውን?

መጀመሪያ ስለ ሕዝቡ ፍርድ እንናገር። ብዙ ሰው ከፍ ያለ ተረከዝ ከጥንት ጀምሮ የሴት ጌጥ ብቻ እንደ ነበረ ያስባል፤ ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በፋርስ አገር የፈረሰኞች ጫማ ተረከዝ ነበረው፤ ፈረሰኛው በግልቢያ ላይ ሳለ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ቀስት ሲወረውር፥ ተረከዙ እግሩን ከእርካቡ እንዳይንሸራተት ይይዝለት ነበርና። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1599 የፋርስ ንጉሥ ቀዳማዊ ሻህ አባስ ወደ አውሮጳ ነገሥታት መልእክተኞች ላከ፤ በ17ኛውም መቶ ዓመት የአውሮጳ መኳንንት ባለ ተረከዝ ጫማን የወንድነትና የጌትነት ምልክት አድርገው ያዙት። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደርግ ነበር፤ ሪጎ የተባለው ሠዓሊ በ1701 በሣለው ሥዕል ላይ ያ ቀይ ተረከዝ እስከ ዛሬ ይታያል። ሴቶችም ጫማውን ከወንዶች ተቀበሉ፤ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት ወንዶቹ ተዉት፥ ለሴቶችም ቀረ። በአሜሪካ ግን በፈረስ ተቀምጠው ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ዛሬም ተረከዙ ከፍ ያለ ቦት ጫማ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ወንድነታቸውን የሚጠራጠር የለም።

የእኛ አገር ፈረሰኛ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረው። ባዶ እግሩን ሁኖ ትንሿን እርካብ በአውራ ጣቱ ይዞ ይጋልብ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ካደረገው ሠራዊት አብዛኛው ጫማ አልነበረውም፤ የተሸነፈው ጠላት ግን ጫማ ነበረው። ታኮ የሚለውም ስም ራሱ ከኢጣልያ ቋንቋ ወደ እኛ የመጣ ነው። እነሆ፥ ፋርሳዊው በተረከዝ ጀግና ነበረ፥ የሸዋው ሰውም ያለ ተረከዝ ጀግና ነበረ። ጀግንነቱስ ከጫማው ነበረን?

ከዚህም ወደ እኛ ዘመን እንቅረብ። በ1960ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ብዙ ጎረምሶች ከታች የሰፋ ቤል ቦተም ሱሪና ሶሉ የወፈረ፥ ተረከዙም ከፍ ያለ ጫማ ያደርጉ ነበር። ከእነዚያ ጎረምሶች በሕይወት ያሉት ዛሬ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ በጎልማሳው ጫማ ምክንያት ፊቱን የሚመልስ ሽማግሌ፥ በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የወጣትነቱን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ቢመለከት መልካም ነው። ምናልባት የራሱን ተረከዝ በዚያ ያገኘው ይሆናል።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ መጽሐፍ ቅዱስን የምታውቅ ከሆንህ እንዲህ ብለህ ትጠይቀኛለህ፦ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ወንድ የሴትን ልብስ እንዳይለብስ፥ ሴትም የወንድን እንዳትለብስ ተከልክሎ የለምን? አዎን፥ ተከልክሏል፤ ትእዛዙንም ማቃለል አይገባንም። ነገር ግን ትእዛዙ የሴት የሆነውን ልብስ ለይቶ አልዘረዘረም፤ የትኛው የወንድ፥ የትኛውም የሴት እንደ ሆነ የሚለየው የአገሩና የዘመኑ ልማድ ነው። አባቶቻችን ለብሰውት የነበረው ረጅም ቀሚስ በአውሮጳ ከተማ ቢታይ የሴት ልብስ ይባል ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን የካህንና የመኰንን ክብር ነበረ። እንግዲህ የትእዛዙን ልብ ስንፈልግ፥ ሰው ባልንጀራውን እንዳያታልል፥ በተሰወረም ለክፉ ሥራ እንዳይዘጋጅ የሚጠብቅ ሕግ እናገኛለን። በቀትር በገበያ መካከል፥ ስሙንና የአባቱን ስም በሚያውቅ ሕዝብ ፊት የሚሄድ ሰው ማንን ያታልላል? ስለዚህ በተረከዙ ቁመት ሳይሆን በልቡ አሳብ ይመዘን፤ የልብን አሳብ የሚመዝን ግን እግዚአብሔር ነው እንጂ በገበያ የሚያፏጭ አይደለም።

የሚስቁትንም ሰዎች እንመልከት። እነርሱ ሥርዓትን የጠበቁ ይመስላቸዋል። በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርዒት በተደረገ ጊዜ የሆነውን አስታውስ። ተማሪዎች፥ ይህ የአገራችንን ባህል የሚያጠፋ ነው ብለው ተቃውሞ አነሡ፤ በቃልና በጽሑፍ ቢቃወሙ መብታቸው ነበረ፤ ነገር ግን ወደ ትርዒቱ በሚገቡት ላይ እንቁላል ተወረወረ፥ ሰዎችም ተንገላቱ። ስለ ድኾች ፍትሕ ይጮኹ የነበሩ ወጣቶች ስለ ጨርቅ ብለው ሰውን አዋረዱ። አንተ ተማሪ የሆንህ ሆይ፥ ይህን ልብ በል፤ ለእውነት መቅናትና በሰው መሳለቅ በአንድ ጉሮሮ ሊወጡ ይችላሉና፥ ድምፁ አንድ ይመስላል።

ደግሞም ፌዝ የጀመረበት ስፍራ አይቆምም። ዛሬ በተረከዙ ከፍታ የሳቀ አፍ፥ ነገ በተቀደደ ሶል ይስቃል፤ በሚቀጥለውም ቀን በላስቲክ ጫማ ወደ ትምህርት ቤት በሚመጣው በድኻው ልጅ ይስቃል። በእግሩ ምክንያት የተሳቀበት ልጅ ደብተሩን ጥሎ ቢቀር፥ ያ ሳቅ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚበልጥ ጥፋት አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ የሕዝቡ ፍርድ ቅን ነውን? ላልነው መልሳችን ይህ ነው፤ በልማድ የተፈረደ እንጂ በጽድቅ የተፈረደ አይደለም፤ በፌዝ የተፈረደ ከሆነ ግን ኃጢአቱ በፈራጁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎልማሳው እንመለስ፤ ለሳቂዎቹ የተናገርነው እርሱን ያለ ምርመራ ሊያሳልፈው አይገባምና። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው በእውነት አንድ ነገር ይሰማዋል። ቁመቱ ይጨምራል፥ ደረቱ ወደ ፊት ይገፋል፥ ወገቡ ይሰበራል፥ እርምጃውም ያጥራል፤ ዓይኑም ከለመደው ስፍራ ከፍ ብሎ ያያል። ነገር ግን የሰውነቱ ክብደት ወደ እግሩ ጣቶች ይወርዳል፤ ዘወትር ቢያደርገውም የባቱ ጅማት ያጥራል፥ ጣቶቹም ይጎብጣሉ። በክረምት ደግሞ የጅሩ ጥቁር መረሬ አፈር በረጠበ ጊዜ፥ ቀጭን ተረከዝ በጭቃው ውስጥ ሰምጦ ባለቤቱን በስፍራው ያቆመዋል። እንግዲህ ጫማ የሚሰጠው ብርታት የደረቅ መንገድ ብርታት ነው። ልበ ሙሉነት ግን ለጭቃም ቀን ያስፈልጋል።

ከፍታ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። የእነዋሪ ገበሬ ውሃ የሚቋጥረውን መረሬ መሬት በእጁ እየከመረ ከፍ ያለ መደብ ያበጃል፥ በመደቦቹም መካከል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያወጣል፤ ስንዴው ከፍ የሚለው ለመታየት ሳይሆን ሥሩ በውሃ እንዳይበሰብስ ነው። ዘኬዎስም ቁመቱ አጭር ስለ ነበረ በዛፍ ላይ ወጣ፤ የወጣው ግን ጌታን ለማየት ነው እንጂ በሕዝቡ ለመታየት አይደለም። ባለጠጋና የቀራጮች አለቃ ሲሆን፥ ሰዎች ይስቁብኛል ብሎ አልፈራም፤ የሚፈልገው ነገር ከኀፍረቱ ይበልጥ ነበርና። በመጨረሻም የተባረከው በዛፉ ላይ ሳለ ሳይሆን ወርዶ በቤቱ እንግዳውን በተቀበለ ጊዜ ነው። አንተም ራስህን ከፍ ስታደርግ፥ ለማየት ነውን? ወይስ ለመታየት? ብለህ ልብህን ጠይቅ።

ስለ እውነተኛ ልበ ሙሉነት ምሳሌ ብትፈልግ ሩቅ አትሂድ። አበበ ቢቂላ በዚሁ በሸዋ፥ በደብረ ብርሃን አውራጃ አቅራቢያ በጃቶ በ1924 ዓ.ም. ተወለደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ዓለም ሁሉ እያየው ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። በዚያን ጊዜ በባዶ እግር መታየት ለብዙ ሰው የድኽነት ኀፍረት ነበረ፤ እርሱ ግን አላፈረም። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፥ ደግሞም አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. ግን የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ይህ ሰው ብርታቱን በጫማው ላይ ወይም በእግሩ ላይ አኑሮ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ ቀን ሁሉ ነገር ባለቀበት ነበር። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፥ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ጨዋታ በቀስት ውድድር ቀረበ። ያለ ጫማ፥ ከጫማ ጋር፥ በመጨረሻም ያለ እግር፤ በሦስቱም ጊዜ ሰውየው ያው ነበረ። ልበ ሙሉነት ማለት ይህ ነው፤ የቆመበት ሲወሰድ የማይወድቅ ነው።

ስለዚህ ለጎልማሳው የምመክረው፥ ጫማህን ጣል ብዬ አይደለም፤ አንድ ቀን አውልቀው ብዬ ነው። በዚያው ገበያ መካከል፥ በዚያው ሕዝብ ፊት፥ በተራ ጫማ እለፍ። ልብህ እንደ ትናንቱ የጸና ከሆነ፥ ተረከዙ መልካም አስተማሪ ነበረ ማለት ነው፤ የሰውን ዓይን አለመፍራት አስተምሮሃልና። ካወለቅኸው በኋላ ግን እንደ ቀድሞው አንገትህን ከደፋህ፥ ያገኘኸው ምርኵዝ እንጂ ጤና አይደለም። ምርኵዝ የያዘ ሰው አይሰደብም፤ ነገር ግን ዳንሁ ብሎ ራሱን እንዳያታልል ያስፈልገዋል። በበዓል ወራት የጅሩን ሰንጋ ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ የታሰረበትን ገመድ አይቶ አይገዛም፤ ጀርባውን ይዳስሳል። የሰውም ዋጋ እንዲሁ ከላይ በታየው አይታወቅም። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ ኤልያብን ባየ ጊዜ ቁመቱ አሳስቶት ነበር፤ የተመረጠው ግን በጎች ይጠብቅ የነበረው ታናሹ ዳዊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷል፤ እርሱም ፍቅር ነው። ጎልማሳው በመንገድ የሚያፏጩትን ይናቃቸው፤ ነገር ግን በዚያ ገበያ መካከል ጎመን ወይም ምስር የምትሸጥ እናት አለችው። እርሱ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ የሰውን ንግግር ስትሰማ የምትቀረው ግን እርሷ ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ የተፈቀደውን መብል እንኳ ስለ ደካማው ወንድሙ ሊተው እንደ ወደደ አስብ። ይህ ማለት ሰው ሁሉ በጠላው ነገር መገዛት አለብህ ማለት አይደለም፤ መጥላትና መሰናከል አንድ አይደሉምና። ነገር ግን እናትህን ከገበያው በፊት በቤት አግኛት፤ ከእግርህ በፊት ቃልህ ይቅደም፤ እማማ፥ ይህን ጫማ የማደርገው እናንተን ልንቅ ብዬ አይደለም፥ በላት። እናትም ደግሞ በልጅዋ እግር ከማፈርዋ በፊት፥ ይዋሻልን? ይሰክራልን? ድኻ ይበድላልን? ብላ ትጠይቅ። ከእነዚህ ንጹሕ ከሆነ፥ የሚያሳፍራት ልጅ የላትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ሳምንት በመንገድህ ላይ አለባበሱ እንግዳ የሆነብህን አንድ ሰው ብታገኝ፥ ከሳቂዎቹ ጋር አትሳቅ፤ እንደ አገራችን ወግ እጅ ነሥተህ፥ እንዴት ዋልህ? በለው። ከዚያም ወደ ቤትህ በገባህ ጊዜ፥ ሰው ፊት ያቆመኝ ምንድር ነው? ልብሴ ነውን? ማዕረጌ ነውን? ገንዘቤ ነውን? ብለህ ራስህን መርምር። በሰው ጫማ ላይ ያለውን ተረከዝ ሁላችን እናያለን፤ በልባችን ውስጥ የሰፋነውን ተረከዝ ግን የሚያይ ጥቂት ነው። እግዚአብሔር ሁላችንን ያለ ፍርሃትና ያለ ትዕቢት በእግራችን ያቁመን። አሜን።